ፈቃድ ያልወጣበት ሻይ

አዳራሹ በካርል ማርክስ ስም የተሰየመ የሕዝብ ቤት ነው። ጊዜው ኖቬምበር 1918 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የሩሲያ አብዮት ገና አንድ ዓመቱ። የምሽቱ ክርክር ርዕስ «እግዚአብሔር እና ሶሻሊዝም» ይላል። ተራው ሲደርስ አንድ የ23 ዓመት ወጣት ተነስቶ ይናገራል። ሶሻሊዝምን እንደሚቀበል፣ ዋጋም እንደሚሰጠው ይገልጻል። የሚያሳስበኝ ግን ይላል፣ ይሄ ሶሻሊዝም ለሞቱት ሰዎች ግድ የለውም፤ ሕዝቡም ውሎ አድሮ ይህንን ይቅር አይልም።

በእኛ አነጋገር፣ ለሙት ተዝካር የማያወጣ ሥርዓት መጣ ማለቱ ነው።

«ሞሎት» (መዶሻ ማለት ነው) የተባለው የከተማዋ ጋዜጣ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ክርክሩ ጻፈ። ልጁን ለጨለማ ጥብቅና የቆመ አድርጎ አሾፈበት። በቃ። ከማሾፍ ያለፈ ነገር አልደረሰበትም። ማንም አላሰረውም።

ልጁ ሚኻኢል ባኽቲን ይባላል። ያኔ የሚያውቀው የለም። ዛሬ በዓለም ላይ ልብ ወለድን በቁምነገር የሚያጠና ሰው ስሙን ሳያነሳ አያልፍም። ከዚያ ምሽት ከአስር ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 1928፣ ይኸው ሰው ሌኒንግራድ ውስጥ ታሰረ። ጥፋቱ አዳራሽ ውስጥ ያደረገው ንግግር አይደለም። ወዳጆቹ ቤት እየተሰበሰበ ስለ ፍልስፍናና ስለ ሃይማኖት ማውራቱ ነው። አስር ዓመት ሙሉ እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። በአደባባይ የተባለው ታለፈ፤ ሻይ እየተጠጣ የተባለው አሳሰረ። በመሀል ምን ተፈጠረ?

የክርክሩ ከተማ ኔቨል ትባላለች። ትንሽ ናት፣ ዙሪያዋ ሐይቅ፣ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ አይሁድ የነበሩባት፣ ባቡር የሚያልፍባት። ዛሬ በሩሲያ ፕስኮቭ ክልል ውስጥ፣ ቤላሩስ ድንበር አጠገብ ነው የምትገኘው። በነገራችን ላይ የእኛው የምንለው ፑሽኪን ከቅድመ አያቱ ከአብራም ጋኒባል የተወረሰው የሚኻይሎቭስኮዬ ርስቱም እዚያው ፕስኮቭ ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ አገሩ ለአማርኛ አንባቢ ያን ያህል ባዕድ አይደለም።

እዚያች ከተማ ውስጥ ከ1918 እስከ 1920 ድረስ የተሰበሰቡትን ሰዎች ስም ስትሰሙ ትገረማላችሁ። ማትቬይ ካጋን አለ፤ ጀርመን አገር ማርቡርግ ፍልስፍና ተምሮ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እዚያው ይዞት፣ በ1918 ወደ ቤተሰቡ የተመለሰ። ሌቭ ፑምፒያንስኪ አለ፤ በውትድርና ሰበብ ኔቨል ደርሶ እዚያው የቀረ የሥነ ጽሑፍ ሰው። ቫለንቲን ቮሎሺኖቭ አለ፤ በኋላ ስለ ቋንቋና ማኅበረሰብ የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ማሪያ ዩዲና አለች፤ የኔቨል ሐኪም ልጅ፣ ያኔ 20 ዓመት ያልሞላት፣ በኋላ ከሶቪየት ኅብረት ታላላቅ የፒያኖ ተጫዋቾች አንዷ የሆነች። ባኽቲንም አለ።

እነዚህን ሰዎች አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ምን ሰበሰባቸው?

ረሃብ። ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ይሄ ነው። የምሁራን ክበብ ሲባል አንድ ዓላማ ይዘው፣ መተዳደሪያ ደንብ ጽፈው የተነሱ ሰዎች ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። ፔትሮግራድ (በኋላ ሌኒንግራድ የተባለችው) ባዶዋን ቀርታ ነበር። በ1917 ከሁለት ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝቧ በ1920 ወደ 700,000 ገደማ ወረደ። ዳቦ የለም፣ ማገዶ የለም። ፑምፒያንስኪ ወደ ፔትሮግራድ ብቅ ሲል ባኽቲንን የጠራው «እኛ ጋ ሥራም አለ፣ የሚበላም አለ» ብሎ ነው። ሥነ ጽሑፍ ፍለጋ አይደለም የሄዱት። እንጀራ ፍለጋ ነው። ክበቡ የመጣው ሆድ ትንሽ ከጠገበ በኋላ ነው።

ይሄ በኔቨል ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። ኪየቭ ሲራብ ገጣሚው ሚኮላ ዜሮቭ በ1920 ባሪሺቭካ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ የትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ደመወዙ ከገንዘብ ይልቅ እህል ነበር። ኦስዋልድ ቡርግሃርትና ቪክቶር ፔትሮቭም እዚያው ያስተምሩ ነበር። ባሪሺቭካ ጭቃና ረግረግ ናት። እነሱ እዚያ ጭቃ መሀል ቁጭ ብለው የሮማ ገጣሚዎችን ወደ ዩክሬንኛ ይተረጉማሉ፣ ሶኔት ይጽፋሉ፣ የጻፉትን ለእርስ በርሳቸው ያነባሉ። ከዚህ ወዳጅነት ነው በኋላ «ኒዮክላሲኮች» የተባሉት የዩክሬን ገጣሚዎች ስብስብ የጠነከረው። አባልነት የለም፣ መዋጮ የለም፣ ማኅተም የለም።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ኢመደበኛ ስል ኅቡዕ ማለቴ አይደለም። እኛ አገር ኅቡዕ የሚለው ቃል ብዙ ደም ያፈሰሰ ታሪክ ስላለው፣ ከመንግሥት ውጭ የተሰበሰበ ሁሉ በሌሊት ወረቀት የሚበትን ይመስለናል። የኔቨል ሰዎች ምንም አልደበቁም። ቀን ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። በሕዝብ ቤቱ ንግግር ያደርጋሉ። በ1919 ከ500 በላይ የወረዳውን ተማሪዎች አሰባስበው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የኖረውን የግሪኩን ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስን «ኤዲፐስ በኮሎኑስ» በሜዳ ላይ ለማሳየት ሲዘጋጁ የከተማዋ ጋዜጣ ዘግቦታል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 13 «የጥበብ ቀን» የምትባል ስስ መጽሔት አወጡ። ባኽቲን የመጀመሪያ ጽሑፉን ያሳተመው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ገጽ ግድም የምትሆን ናት። ፍሬ ነገሯ፣ ጥበብና ሕይወት በራሳቸው አንድ አይደሉም፣ አንድ የሚሆኑት ሰው በሁለቱም ተጠያቂ ሲሆን ነው የሚል ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉን ለማየት ከዚያ በኋላ አስር ዓመት ጠበቀ።

ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከመሀላቸው አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ጠቆር ያለ ሻይ ይቀዳል። ባኽቲን ሻይና ሲጋራ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። ስለ ጀርመናዊው ፈላስፋ ስለ ካንት ያወራሉ። እንዲያውም ራሳቸው «የካንት ሴሚናር» ነበር የሚሉት። «የባኽቲን ክበብ» የሚለው ስም ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች የሰጡት ነው። ኔቨል ላይ አለቃ የሚባል ካለ ትምህርቱን ጨርሶ የመጣው ካጋን ነበር። ግን አለቃም አልነበረም። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያቋርጠዋል፣ እስኪነጋ ይከራከራሉ።

ባኽቲን በ1973፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ቪክቶር ዱቫኪን የተባለ የታሪክ ሰብሳቢ በቴፕ ሲቀዳው አንዱን ቀን አስታውሶታል። ከዩዲናና ከፑምፒያንስኪ ጋር በእግራቸው ወጥተው ሐይቅ ዳር ይቀመጣሉ። ባኽቲን ስለ ሰው ልጅ የሞራል ተጠያቂነት እያሰላሰለ የነበረውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርዝሮ ያወራቸዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ሐይቁን «የሞራል እውነታ ሐይቅ» ብለው ሰየሙት። ካርታ ላይ ይሄ ስም የለም። ሦስት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ስም ነበር። የ77 ዓመት አዛውንት፣ አንድ እግሩ ተቆርጦ፣ መጻሕፍቱ በመላው ዓለም መተርጎም ጀምረው፣ ያን የሐይቅ ዳር ቀን እንደ ትናንት ሲያወራ፣ የዚያች ከተማ ትዝታ ምን ያህል እንደጠለቀ ይገባችኋል።

በ1920 ወደ ቪቴብስክ ተዛወረ። ቪቴብስክ ተለቅ ያለች ናት፤ ሠዓሊው ሻጋል የጥበብ ትምህርት ቤት ከፍቶባታል፣ ሌላው ሠዓሊ ማሌቪች ያስተምርባታል። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪው ፓቬል ሜድቬዴቭ እዚያ ተቀላቀላቸው። ባኽቲን ትዳርም የያዘው እዚያ ነው። ከሁሉ የምወደው የቪቴብስክ ነገር ግን አንዲት ተማሪ ናት። ራኺል ሚርኪና ትባላለች። ባኽቲን ስለ ሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የሰማችውን በደብተር ትጽፍ ነበር። ዛሬ ያ የልጅ ደብተር ታትሞ ወጥቷል። እሱ ያን ዘመን ስለ ሩሲያ ደራሲዎች ምን ያስተምር እንደነበር በዝርዝር የምናውቀው አንዲት ልጅ በትጋት ማስታወሻ ስለያዘች ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። በ1918 እና በ1928 መካከል ምን ተፈጠረ?

የሰዎቹ ወሬ አልተለወጠም። ያው ካንት፣ ያው ዶስቶየቭስኪ፣ ያው እግዚአብሔር። የተለወጠው ሥርዓቱ ነው። በ1918 እና በ1919 አዲሱ መንግሥት በጦርነት ተወጥሮ ነበር፤ በክፍለ ሀገር የሚሠራ ካድሬ ደግሞ የተማረ ሰው ይፈልጋል። መሃይምነትን ለማጥፋት አስተማሪ ያስፈልጋል፤ አስተማሪው ካንትን ቢያነብ ማን ግድ አለው? ትንሽ ከተማ በእነዚያ ዓመታት ያገኘችው ነፃነት የተሰጣት ነፃነት አልነበረም። ገና ያልተደረሰበት ክፍተት ነበር።

ክፍተቱ የተዘጋው ወረቀት በወረቀት ነው። በጁን 1922 ግላቭሊት የሚባለው የሳንሱር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በኦገስት 3, 1922 ደግሞ ትርፍ የማያሳድዱ ማኅበራት በሙሉ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ኮሚሳሪያት ቀርበው እንዲመዘገቡ የሚል ድንጋጌ ወጣ። ያልተመዘገበ ማኅበር አይኖርም። ለንባቡ ቀላል የቢሮ ሥራ ይመስላል። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ከአገሪቱ ታዋቂ ፈላስፎች ብዙዎቹ በመርከብ ተጭነው ተባረሩ። በ1932 ሁሉም የጸሐፊዎች ቡድን ፈርሶ በአንድ የጸሐፊዎች ኅብረት እንዲጠቃለል ተወሰነ። ከዚያ ወዲያ ጸሐፊ ማለት ካርድ ያለው ሰው ነው።

እዚህ ላይ የእኔን ሐሳብ ልናገር። ብዙዎቻችን ሳንሱር ሲባል የሚታየን የተሰረዘ ዓረፍተ ነገር ነው። የክበቦቹን ታሪክ ሳነብ ግን ከሳንሱሩ ይበልጥ የጎዳቸው ምዝገባው ሆኖ አገኘሁት። ሳንሱር የሚመለከተው የተጻፈውን ነው። ምዝገባ የሚመለከተው መገናኘቱን ራሱን ነው። አንድ ጊዜ መገናኘት ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ከሆነ፣ ያላወጣው ሰው ምን እንዳወራ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም። አምስት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሻይ። ይሄ «ድርጅት» ይባላል። በወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ አንቀጽ 58 ሥር ለፀረ አብዮት ቅስቀሳ አንድ ቁጥር፣ ለፀረ አብዮት ድርጅት ሌላ ቁጥር ነበር። ሁለተኛው ቁጥር ነው ወዳጅነትን ወንጀል ያደረገው።

የባኽቲን መዝገብም በዚህ መንገድ ነው የሄደው። «ቮስክረሴኒዬ» (ትንሣኤ) ከሚባለው፣ በአሌክሳንደር ሜየር ዙሪያ ይሰበሰብ ከነበረው ክበብ ጋር አያይዘው ያዙት። አምስት ዓመት ሶሎቭኪ በሚባለው የእስረኞች ካምፕ ተፈረደበት። በዚያ የእግር አጥንት በሽታው ሶሎቭኪ መሄድ ሞት ነበር። ወዳጆቹ በየበሩ ዞሩለት፣ የደራሲው የጎርኪ የቀድሞ ባለቤት ዬካቴሪና ፔሽኮቫም ገባችበት፣ ቅጣቱ ወደ ካዛክስታን ግዞት ተለወጠለት።

እሱ ፍርድ እየጠበቀ ሳለ በ1929 የመጀመሪያ መጽሐፉ ወጣ። ስለ ዶስቶየቭስኪ ነው። ዶስቶየቭስኪ ራሱ በ1849 የታሰረው ፔትራሼቭስኪ ቤት በየሳምንቱ አርብ እየተሰበሰቡ መጽሐፍ ከሚያነቡ ሰዎች ጋር ነው። ለሞት ካቆሙት በኋላ በመጨረሻዋ ደቂቃ ምሕረት ተነበበለትና ሳይቤሪያ ወረደ። ስለ እሱ የጻፈው ሰውም ሰማንያ ዓመት ቆይቶ በዚያው ምክንያት ተያዘ። መጽሐፉ የሚለው ደግሞ የዶስቶየቭስኪ ልብ ወለድ ውስጥ ማንም ድምፅ የሌላውን አይውጥም፣ ደራሲው እንኳ በሰዎቹ ላይ የመጨረሻውን ቃል አይናገርም ነው። ብዙ ሰው ይሄንን እንደ ደረቅ ቲዎሪ ይማረዋል። እኔ ሳነበው የሚታየኝ የኔቨል ጠረጴዛ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ሲያቋርጥ፣ አለቃ የሌለበት። በኋላ ሲያሰፋው እውነት በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ አትወለድም፣ በሰዎች መካከል ነው የምትወለደው ብሎ ጽፏል። ይሄንን ሐሳብ ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘው አይመስለኝም። ኖሮታል።

ግዞቱ ኩስታናይ ነው። እዚያ የሸማቾች ኅብረት ሒሳብ ሠራተኛ ሆነ። በ1934 የኅብረት እርሻ ገበሬዎች ምን ዕቃ እንደሚፈልጉ ያጠናውን ጽሑፍ በንግድ መጽሔት ላይ አሳተመ። የዘመኑ ትልቁ የልብ ወለድ አሳቢ የጻፈው፣ ስለ ገበሬ ሸመታ። ያውም ዕድለኛ ነው። ሩቅ አገር መጣሉ ከ1937ቱ የጅምላ እስርና ግድያ ሳያድነው አልቀረም። ሜድቬዴቭ በ1938 ተረሸነ። ቮሎሺኖቭ በ1936 በሳንባ ነቀርሳ፣ ካጋን በ1937 በልብ ሕመም፣ ፑምፒያንስኪ በ1940 በሕመም ሞቱ። ያ ሁሉ የኔቨል ጠረጴዛ በሃያ ዓመት ውስጥ ባዶ ሆነ። ሰንብተው የቀሩት ዩዲናና ባኽቲን ናቸው።

የባሪሺቭካው ዜሮቭ በ1935 ታሰረ። ኖቬምበር 3, 1937 ካሬሊያ ውስጥ ሳንዳርሞኽ በሚባል ጫካ ተረሸነ። ገጣሚ ጓደኛው ፓቭሎ ፊሊፖቪችም እዚያው፣ በዚያው ቀን። ቤተሰቦቻቸው የት እንደወደቁ ሳያውቁ ኖሩ። የመቃብሩ ጉድጓዶች የተገኙት በ1997 ነው። ያገኟቸውም «ሜሞሪያል» የተባለው ማኅበር ተመራማሪዎች ናቸው።

ታሪኩን ዛሬ የማነሳው በዚህም ምክንያት ነው። ሜሞሪያል የስታሊን ዘመን ሰለባዎችን ስም እየለቀመ የሚመዘግብ ማኅበር ነበር። ዲሴምበር 28, 2021 የሩሲያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ወሰነ። የቀረበው ክስ ምን መሰላችሁ? «የውጭ ወኪል» የሚለውን ምልክት በጽሑፎቹ ላይ በሚገባ አልለጠፈም የሚል ነው። እንደገና ወረቀት። እንደገና ምዝገባ። በማግስቱ ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት ተጋራ። ሽልማቱ ጥሩ ነው፤ ማኅበሩን ግን አልመለሰውም። ያ ወጣት በ1918 አዳራሽ ውስጥ ያነሳው ነገር፣ ለሞቱት ግድ የሌለው ሥርዓት ያለው፣ መቶ ሦስት ዓመት ቆይቶ ፍርድ ቤት ቀረበ።

እኔ ያደግኩት በደርግ ዘመን ከሞስኮ ፕሮግሬስ ማተሚያ ቤት በአማርኛ እየታተሙ በርካሽ ይመጡ ከነበሩት መጻሕፍት በተረፉት ነው። ቤታችን መደርደሪያ ላይ ነበሩ። የሶቪየትን ሥነ ጽሑፍ አውቃለሁ የሚል ስሜት ሰጥተውኝ ነበር። ባነበብኳቸው ውስጥ ኔቨል አልነበረችም። ባሪሺቭካ አልነበረችም። ስለዚህ የዚያን አገር ሥነ ጽሑፍ የማውቀው በአዋጅ የተሠራውን ግማሹን ብቻ ነበር። እነዚያን መጻሕፍት ያነበበ የኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ሌላኛውን ግማሽ ቢፈልግ ደስ ይለኛል።

ሌላኛው ግማሽ ደግሞ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች፣ ኮዢኖቭ፣ ቦቻሮቭና ጋቼቭ፣ የዶስቶየቭስኪውን መጽሐፍ አንብበው ጸሐፊው በሕይወት መኖሩን ሲሰሙ ወደ ሳራንስክ ሄዱ። ሞርዶቪያ ውስጥ ያለች ሌላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ባኽቲን እዚያ በዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። አሮጌ ጽሑፍ ካለ ብለው ሲጠይቁት ቆይቶ ደብተሮች እንዳሉ ነገራቸው። የወጣትነት ጊዜው ደብተሮች ናቸው፣ ከኔቨልና ከቪቴብስክ ዘመን። ዕቃ ቤት ውስጥ ተጥለው ውሃ ነክቷቸዋል፣ አይጥ በልቷቸዋል። በእርሳስ የተጻፈው ደብዝዟል። በኋላ ፊደል በፊደል ተገለበጠ።

ሐይቁ ዳር ያወራው ሐሳብ እዚያ ደብተር ውስጥ ነበር። በ1986 ሲታተም እሱ ከሞተ አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጠፍተዋል። ስለዚህ መጽሐፉን ስትከፍቱት ወሬው ከመሀል ነው የሚጀምረው፤ አንድ ሰው ቀድሞ ሲናገር ቆይቶ እናንተ ዘግይታችሁ ክፍሉ ውስጥ የገባችሁ ያህል።